ያለቦታው የቆመ ክሪክ

አራተኛውን መዶሻ ሳሳርፍበት አሮጌው ብረት ከጎማው ማቀፊያ ተነቅሎ ይወድቃል። ተንከባሎ ሄዶ ወንድሜ እግር ስር ይቆማል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው አይችልም፤ ዳሌው ገና አልጠናም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያየዋል።

«ምንድን ነው እሱ፣ ወንድምጋሼ?»

«ቦል ጆይንት ነው፤ የፊት ጎማውን የሚያስይዘው። ሲያልቅ ይቀየራል፣ ሌላ ምን አለው» እለዋለሁ። ከፒካፑ ስር እየተንፏቀቅኩ ወጥቼ አነሳዋለሁ፣ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ምነው ባልጠረግኩት! ክብ መሆን ያለባት ኳስ አንድ ጎኗ ተፍቆ ሞላላ ሆናለች። የአቧራ መከላከያዋ ተቀዶ ግራሶዋ ደርቋል። ይሄ የአንድ ቀን ግጭት የሠራው አይደለም፣ ቢያንስ የዓመት መፋቅ ነው። ኳሷ አልቃ ከቤቷ ወጥታለች፣ ጎማው ታጥፏል፤ ከዚያ ወዲያ መሪ ብትይዝ ባትይዝ አንድ ነው።

ስለ አደጋው ሰው የሚለው ግን ሌላ ነው። ፖሊሱ «ሾፌሩ አንቀላፍቶ» ብሎ ጻፈ። ጎረቤት ደገመው፣ የወንድሜ ሚስት ሰለሰችው። ልጃቸው ሚጢጢ ጋቢና ውስጥ ከአባቷ ጎን ነበረች፤ ስድስት ዓመቷ ነበር። እዚያው ነው ያለፈችው። ወንድሜ የዚያን ቀን ነገር በደንብ ስለማያስታውስ፣ «ልጄን በእንቅልፌ ገደልኳት» ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነው ሲሉ እኔም አብሬ አንገቴን ነቀነቅኩ። መኪናዋ ከፖሊስ ግቢ የወጣችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የለውምና ጎትተን ጋራዤ አመጣናት።

እኔ ግን አስታውሳለሁ። ከአደጋው በፊት ባለው ሳምንት መጥቶ «ጉድጓድ ስገባ ከፊት ቋ ቋ ይላል» ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ደንበኛ ተሰልፎብኛል። እሱ የቤት ሰው ነው፣ የቤት ሰው ደግሞ ቢጣደፉበት አይቀየምም። ክሪኩን ሻንሲው ስር ወሽቄ ጎማውን አነሳሁና በሁለት እጄ ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አላለም። «ጤነኛ ነው፣ ሂድ ባክህ፣ አንተ ደግሞ ጆሮህ ብዙ ይሰማል» አልኩት። ስቆ ሄደ።

እዚህ ግቢ ለሠራተኛው ሁሉ ስለፈልፍ የምውለው ምንድን ነው ታዲያ? በእንዲህ ዓይነት መኪና ክሪክ የሚገባው ጎማውን ከሚሸከመው ብራቾ ስር ነው። ሻንሲው ስር ከገባ፣ ሞላው ብራቾውን ቁልቁል እየገፋ ያለቀችውን ኳስ ቀፍድዶ ይይዛታል። ብትወዘውዘው ቀጥ ነው፤ መኪናው ይዋሽሃል። ይሄን ለስንቱ አስተማርኩ! የባዕዱን መኪና ሁለቴ እየፈተሽኩ ለወንድሜ አሥር ደቂቃ ነፈግኩት። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ይላሉ። ምናለ በገሉ የበላሁት እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ!

ኪሴ ልክተተው? አዲሱን ልግጠምና ግራሶ ሞልቼ ቁልፉን ላስረክበው? ማን ያውቅብኛል?

«ትናንት እናቷ የሚጢጢን ልብስ አጠበችው» ይላል ወንድሜ ድንገት። «ማንም ያልለበሰውን ልብስ አጥባ አሰጣችው። በገመዱ ስር ሳልፍ ‹ዞር በል ከዚያ› አለችኝ። በሦስት ወር ውስጥ የሰጠችኝ ቃል እሱ ነው።»

አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም።

«አልተኛህም» እለዋለሁ።

«እ?»

«እንቅልፍ አይደለም የጣለህ። ይሄ ነው የወለቀው። ያኔ ስታመጣት አልቆ ነበር፤ ክሪኩን ያለቦታው አቁሜ፣ ሳላየው ጤነኛ ነው አልኩህ። ልጅህን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

እጁን ይዘረጋል፣ ብረቱን እሰጠዋለሁ። በአውራ ጣቱ ያለቀውን ጎን ደጋግሞ ይዳብሰዋል። እንዲሰድበኝ እጠብቃለሁ። በዚያ ክራንች አናቴን ቢለኝ በወደድኩ።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። አሁን እጄን ልታጠብና ለእናቷ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«አትነግራትም።»

«አብደሃል እንዴ አንተ ልጅ? ባላጠፋኸው እኮ ነው የምትቀጣህ!»

«ስማኝ፣ ወንድምጋሼ።» ድምፁ ከፍ አይልም። «እኔን መጥላት ለምዳዋለች። አሁን ደግሞ አንተን ከሀ ትጀምር? ቤታችን የሚመጣ ሰው አንተ ብቻ ነህ። የምታወራው ካንተ ጋር ነው፣ የምታለቅሰውም አንተ ስትመጣ ነው። ይሄን ብትሰማ ማን ይቀራታል? እኔስ ማን ይቀረኛል?»

አንተስ፣ ማለት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሸክሙን ወዲህ አምጣው ማለት ነበረብኝ። ታላቅ እኔ ነኝ። አፌን እከፍታለሁ።

«በሚጢጢ ይዤሃለሁ» ይላል። «እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

ቃሏ ስትወጣ ፍጥነቷ! አንዴ እንኳን ላንገራግር አልሞከርኩም። ወንድሜ ብረቱን እንደጨበጠ ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው ላይ ይደገፋል። ሦስት ወር ታንቆ የከረመው ደረቴ ላላ ሲል ይሰማኛል። እግዜር ይቅር አይበለኝ፣ እፎይ ብያለሁ። ዓይኑን ገልጦ ፊቴን ሳያይብኝ ተመልሼ ከመኪናው ስር እገባለሁ።