ወላዶቹ ትሎች

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጥቅል ጎመን የሚገዛው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ሰው እሷ ነበረች። አምና ግን አጥር የሚጋራት ታናሽ ወንድሟ፣ መነጽሬ የሚሉት፣ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ «የእህቴን ጎመን ሳትከፍት እንዳትገዛ፤ ትል አለው» ብሎ ሹክ አለ። ተከፈተ፤ አንዲት ትል ተገኘች። በቃ፣ ደንበኛዋ አጥሩን ተሻግሮ ወንድሟ ዘንድ ገባ።

ለአንዲት ትል! ነገሩ አንጀቷን ሲያቃጥላት ከረመ። ዘንድሮ ነጫጭ ቢራቢሮዎች በሁለቱም ጓሮ መዞር ሲጀምሩ፣ ብድሯን የምትመልስበት መንገድ ወለል ብሎ ታያት።

በየማለዳው መነጽሬ ውሃ ሊቀዳ ሲወጣ ጣሳዋን ይዛ የራሷን ጎመን ቅጠል በቅጠል ትገለብጣለች። ደልቷቸው ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ትሎች አትነካም። የምትፈልገው ደንዝዘው የተቀመጡትን፣ ከሩዝ ያነሱ ቢጫ ፍሬዎች ያቀፉትን ነው።

«ወላዶቹ እናንተ ናችሁ፤ ሂዱና እዚያ ተዋለዱ» ትላቸዋለች። ከነቅጠላቸው ቆርጣ ወደ ጣሳው፣ ከጣሳው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ወንድሟ መደብ።

በሦስተኛው ሳምንት መነጽሬ ተንበርክኮ፣ አፍንጫው ቅጠል እስኪነካ አጎንብሶ፣ ራሱን ሲነቀንቅ አየችው። የምትገባበት ጠፋት በደስታ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው፣ የተቆረቆረች መስላ።

«ትል ነዋ፣ እትዬ። የዘንድሮው ጉድ ነው።»

«አይዞህ፤ እኔም ጋ አልቀረም።»

እውነቷን ነው፤ የሷም ቅጠል መበሳሳት ጀምሯል። ግን ወላዶቹን ለቅማ ጨርሳለች። የቀሩት ምን ያመጣሉ?

በግዢው ዋዜማ የመጨረሻዎቹን ስታራግፍ የመነጽሬን ኮቴ ሰማች። ጣሳው ከእጇ አምልጦ አጥሩ ማዶ ቀረ፤ እሷ እየሮጠች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ኃላፊው ቢላውን ይዞ መጣ።

«የሁለታችንንም እኩል ክፈት፤ ዘንድሮ ሐሜት አልፈልግም» አለችው ራሷ፣ ደረቷን ነፍታ።

የሷ ተከፈተ። ትል። ሁለተኛው ጎመኗ ተከፈተ፤ ውስጡ ከትል በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። የመነጽሬ ተከፈተ። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለበት። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ምን ረጭተህ ነው?» አለ ኃላፊው።

«ምንም። ትል ላይ የምታያቸው ቢጫ ፍሬዎች አሉ አይደል? ሰው እንቁላል ነው ይላል። ጥቃቅን ተርቦች ናቸው፤ ትሉን ከውስጥ በልተው የወጡ። ክንፍ ሲያወጡ ደግሞ የቀረውን ትል እያደኑ ይፈጁልሃል። እኔ ጓሮ ዘንድሮ ጠፍተው ነበር፤ ደግነቱ ጎረቤት አልነፈገኝም።»

ከአጥሩ ስር ጣሳዋን አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በሁለት እጁ አቀበላት።

«ትናንት ረስተሽው ነው፣ እትዬ። ለከርሞም አደራ።»