ያልተከፈቱ ኢሜይሎች

አቶ ወንድይራድ ለሐበሻ ልብስ መደብራቸው ደንበኞች ኢሜይል የምትጽፈውን መቅደላዊትን ያባረሯት ቦታዋን ለእህታቸው ልጅ ለመስጠት ነበር። ያ ሳያንስ፣ ስትወጣ ቦርሳዋን በሠራተኛው ሁሉ ፊት በዘበኛ አስፈተሹ።

ውርደቱ አንጀቷን አቆሰለው። ዘመድ ወዳጇን ሁሉ የመደብሩ ደንበኛ አድርጋ አስመዘገበችና ኢሜይል በደረሳቸው ቁጥር «ስፓም ነው»፣ ማለትም የማይፈለግ መልእክት ነው፣ የሚለውን እንዲጫኑ አደረገች። አቤቱታው ሲበዛ የኢሜይል ድርጅቶቹ መደብሩን ተጠራጠሩት፤ ውሎ አድሮ የመደብሩ ማስታወቂያ ውጭ አገር ያሉትን ጨምሮ ለደንበኞቹ ሁሉ በቀጥታ የኢሜይላቸው የቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ይወድቅ ጀመር። ገበያው መቀዝቀዙን ስትሰማ «ገና ምኑ ታይቶ!» አለች፤ እንቅልፍም ጣማት።

አንድ ቀን አቶ ወንድይራድ ራሳቸው ደጇን አንኳኩ። ፊታቸው ጠቁሯል። ሲለምኗት ለማየት ቸኮለች።

«ገበያ ቀዘቀዘ አሉ?» አለቻቸው በሩን ሳትለቅ።

«ገበያውስ ገደል ይግባ» አሉ። «ልጄ አኩርፋኝ ውጭ አገር ከሄደች ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ከመደብሩ የሚላክላትን ኢሜይል ግን ትከፍት ነበር። መክፈቷን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይ፣ ደህና ናት ማለት ነው እያልኩ እጽናና ነበር። አሁን መክፈት ካቆመች ሰነበተች። እባክሽ፣ አንቺ ሥራውን ታውቂዋለሽ፤ እንዲህ የሚሆነው ሰው ሲሞት ነው?»