የዘበኛው መልስ

መድረክ ላይ ያለው ንጉሥ ያቺን ጥያቄ ሊጠይቅ አንድ ገጽ ቀርቶታል፤ እትዬ ሹክታ ጣቷን በቲያትሩ መጽሐፍ ላይ ከተሰመረው ቀይ መስመር አላነሳችም። ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ በሹክሹክታ ስታቀብል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ተዋናይ ዝም ካለ አፏ ከሐሳቧ ቀድሞ ይከፈታል። ዛሬ ከተከፈተ ግን ጉድ ይፈላል።

ከመንግሥት የተላከው የሳንሱር ተቆጣጣሪ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ንጉሡ "ከተማው ምነው ጸጥ አለ?" ሲል፣ ዘበኛው "ጌታዬ፣ የተኛ እንዳይመስልዎ፤ እየጠበቀዎት ነው" ብሎ ይመልሳል። ይህቺን መልስ ተቆጣጣሪው ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዟታል። ከመድረክ ከተሰማች ቲያትር ቤቱ ዛሬውኑ ይታሸጋል፤ ስልሳ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ይቀራል።

"ሰዓት እላፊው ከታወጀ ወዲህ የጨመራችኋት ናት" ብሎ ነበር ሲሰርዛት።

"ኧረ ጌታዬ፣ ጸሐፊው ከሞተ ሰማንያ ዓመት አልፎታል" ብላ የመጽሐፉን የፊት ገጽ ገልጣ አሳየችው።

"ታዲያ ስለ እኛ እንዴት አወቀ?"

ከእርስዎ በፊት የነበሩትም ይህንኑ ጠይቀውኛል ልትለው ነበር፤ ምላሷን ነክሳ ተወችው።

ንጉሡ መስኮቱ ጋ ደረሰ። "ከተማው ምነው ጸጥ አለ?"

ዘበኛው እንደታዘዘው ዝም አለ። እትዬ ሹክታ አፏን በመዳፏ ከደነች። ንጉሡ ወዲያው ወደሚቀጥለው ንግግር መዝለል ነበረበት፤ እሱ ግን ልማድ ሆኖበት መልስ ይጠብቃል። ይህን ቲያትር ተማሪ ቤት ያልሸመደደ ሰው እዚያ አልነበረም፤ የጎደለችውን ቃል ሁሉም ያውቃታል።

ከኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ ቆመ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ከዚያ አንድ ረድፍ በሙሉ። ታጣፊዎቹ ወንበሮች ቀጭ ሲሉ ብቻ ይሰማል።

ተቆጣጣሪው በመጋረጃው ክፍተት አጮልቆ አየ። "ምን ሆኑ? ምን እየጠበቁ ነው?"

"መልሱን ነዋ።"

"በሉ ያቀብሉት። ይናገራትና ሰዎቹ ይቀመጡ።"

"ሰርዘዋት የለም እንዴ?"

"እኔ ነኝ የምልዎ። ያቀብሉት!"

እትዬ ሹክታ አቀበለችው። ቃሉ እንደደረሰው አውቃለች፤ ዘበኛው ጆሮውን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ ነበር። አፉን ግን አልከፈተም። ያን ሁሉ ዓመት ስታቀብል ተዋናይ ቃል አልቀበልም ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ፈራች፤ ደግሞም ኮራችበት።

ደገመችለት። ዘበኛው ጦሩን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረበ፤ ፊቱን ወደ ንጉሡ አዞረና ከቆሙት ሰዎች ጋር ይጠብቀው ጀመር።