በቤት የማይነገር ቋንቋ

ትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤቱ እንዳይወርድበት በየተማሪው ቤት ግድግዳ ላይ የቤተሰቡን ንግግር የሚጠልፍ ማዳመጫ ሰቅሏል። ቤቱ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ውጤት ያበላሻል ተብሎ ይባረራል። ስለዚህ ዳና ለልጁ ለኬዚያ ወላይትኛ መናገር ካቆመ ቆይቷል።

እሑድ ከሰዓት ኬዚያን ትኩሳት ያዛት። እየቃዠች በወላይትኛ፣ «አባዬ፣ የት ነህ?» አለች።

ዳና ደንግጦ ማዳመጫውን አየ። «እዚህ ነኝ፣ የኔ ልጅ» አላት በአማርኛ።

አላወቀችውም። «አባቴን ጥሩልኝ» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ በወላይትኛ፣ «አለሁልሽ፣ አትፍሪ» አላት።

ኬዚያ ዓይኗን ገለጠች። አባቷን ለየችው። ወዲያው ግድግዳው ላይ ያለውን ማዳመጫ ዞር ብላ አየችና በትኩሳት የሚፋጀውን መዳፏን አፉ ላይ ከደነችበት።