የንጋት መልስ

ጥሩነሽ ወረቀቱን እንዳየች አውራ ጣቷን በነጠላዋ ስር ጨበጠች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ማንበብ ባትችልም የፈረንጁን ፊደል ከአማርኛው ትለያለች፤ ጎረቤቷ ሸጌ ከሦስት ዓመት በፊት የፈረመችበት ወረቀትም እንዲህ ያለ ነበር። ልጅ የሚሰበስቡ ሰዎች ውጭ አገር ተምሮ ይመለሳል ብለው በጣቷ አስፈረሟትና ልጇን ወሰዱት። ሁለት ፎቶግራፍ መጣላት፣ ከዚያ ወዲህ ዝም። ሸጌ እስከ ዛሬ አውሮፕላን በሰማች ቁጥር ከቤቷ ትወጣለች።

«ይቀመጡ እናቴ» አለ መምህር ሰውነት።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ከደሴ የመጣ፣ ጢሙ ገና ያልጠና። በመምህራኑ ክፍል ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጥሩነሽ ሄዳ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ልጄ ንጋት ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ጠዋት ጠዋት ምን ትሠራለች?»

ይኸው መጣ፣ አለች በሆዷ። ሚሊኒየሙ ካለፈ ወዲህ በየገደሉ አፋፍ ሆቴል ይሠራል፤ ንጋት ትምህርቷ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ከነዚህ ባንዱ ለሲሚንቶ ማቡኪያ ውሃ ትቀዳለች። መጀመሪያ የምትቀዳው ጥሩነሽ ራሷ ነበረች። ክረምት ላይ ዳገቱ አንሸራቷት ወገቧን ስትጎዳ፣ ጀሪካኑን ልጅቷ አንስታ ሄደች፤ በዚያው ቀረ። ባለፈው ወር ደግሞ ከወረዳ ሰዎች መጥተው የግንባታውን ፎርማን ሕፃን ታሠራለህ ወይ ብለው ጠይቀውታል።

«እኔን ታግዛለች» አለች።

«ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል።»

«ልጅ አይደለች? ልጅ ይተኛል።»

ሰውነት ወረቀቱን አነሳ። «ፈተና ላይ የጻፈችውን ላነብልዎ ነው የጠራሁዎ። አንድ የድሮ የእንግሊዞች ግጥም አስተምሬያቸው ነበር። ስለ አንድ ትንሽ ልጅ ነው። አባቱ ለሥራ ይሸጠዋል፤ በሀብታሞች ቤት የጭስ መውጫ ውስጥ እየገባ ጥቀርሻ ይጠርጋል…»

«እኔ ልጄን አልሸጥኩም።»

ሰውነት ደነገጠ። «ኧረ እናቴ፣ ስለ እርስዎ አይደለም። ልጁ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት፣ በሰው አገር የነበረ ነው።»

«የሰው አገር ልጅ ጉዳይ እኔን ምን ያስጠራኛል? ማነው የላከዎ? ከወረዳ ናቸው? ወይስ እነዚያ ልጅ የሚሰበስቡት?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ስሟ አለበት ወረቀቱ ላይ?»

«አለበት።»

«እሱን ነው የምልዎ» አለችና ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸች።

ሰውነት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጁን ከላዩ አነሳ። «እኔ ጋ ይቆያል፤ ጣትዎንም አልፈልግም። ብቻ ይስሙኝ። ያ ልጅ አንድ ሌሊት ሕልም ያያል። ከጥቀርሻው ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ሜዳ ላይ ሲሮጥ። ጠዋት በብርድ ይነሳና ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይሄዳል። ለምን ደስ አለው? ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሙሉ ተስፋ ስላለው ብሎ ጻፈ። እኔም ያስተማርኳቸው እንደዚያ ነው።»

«ንጋትስ?»

በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ ቀስ እያለ ወደ አማርኛ መለሰላት። «ልጁ ደስ አላለውም። ደስ ብሎኛል ይላል እንጂ። እንዲህ ካላለ የላከው ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።»

ንጋት ጠዋት ከቤት የምትወጣው እያንጎራጎረች ነው። ልጄን ሥራ አይከብዳትም ብላ ጥሩነሽ ለስንቱ ሰው አውርታለች።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመላት። አንድ ቃል ይለውጥ እንደሆነ ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች። አልለወጠም።

«ስንት ሰጧት?»

«ገና አላረምኩትም። ቁጥሩ ጠፋኝ» አለ ሰውነት። «ለሚኒስትሪ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ብታጠናልኝ ብዬ ነው።»

ጥሩነሽ ወደ በሩ ዞረች። በበሩ በኩል ግቢው ይታያታል። የከሰዓት ተማሪዎች መግባት ጀምረዋል። ከቧንቧው አጠገብ ድንጋይ ላይ አንዲት ልጅ ክርኖቿን በጉልበቶቿ አስደግፋ ተቀምጣለች። ባቷ ላይ ሲሚንቶ ደርቆበታል። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ ግን ምንም የሚያይ አይመስልም። ጥሩነሽ ያንን ፊት አታውቀውም። የልጇ መሆኑን ለማመን ቀሚሱን ማየት ነበረባት።

ከበሩ ወዲያ ጓደኛዋ «ንጋት!» ብላ ተጣራች። ልጅቷ ቀና አለች። በሁለት መዳፏ ፊቷን ጠረገች፤ እጆቿ ሲወርዱ የወትሮ ሳቋ በቦታው ነበር።

ጥሩነሽ አስተማሪውን ሳትሰናበት ወጣች። ንጋት ስታያት ሮጣ መጣች።

«እማ፣ ምነው መጣሽ? ምን አሉሽ?»

«ምንም። ጎበዝ ናት አሉኝ።» ፈገግ ማለቷ ለራሷ ተሰማት።

«ወገብሽን እያመመሽ ይህን ሁሉ ዳገት?»

«ነገ አልቀሰቅስሽም» አለች ጥሩነሽ። «ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ይዤ እኔ እሄዳለሁ። አስር ጊዜ መመላለስ ነው። ፎርማኑ እሺ ካላለ ሌላ እንፈልጋለን። አንቺ አጥኚ።»

«አይከብደኝም እኮ እማ። ደስ ይለኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

ንጋት እንደሳቀች የእናቷን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ፈተሸችው፤ ያልታሰበ ስጦታ ያመጣ እንግዳ እንደሚፈተሽ። የቁጣ ነገር ፈለገች፣ የተደበቀ ነገር ፈለገች። ደወሉ ተመታ፤ ልጆቹ በአጠገባቸው እየሮጡ አለፉ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። መጀመሪያ ዓይኖቿ ደከሙ፣ ከዚያ ከንፈሮቿ። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቷ ወረደ፤ ሌላም አልተካችበትም።