ለተገብርኤል የወለወለችው ኪቦርድ

ሽሻይ ደረጃውን ሲወጣ እግሩን እየጎተተ ነበር። ሰንጋ ተራ ኮምፒዩተር ፎርማት ሲያደርግ አርፍዷል፣ መስቀል ፍላወር ከአንድ ሆቴል ፕሪንተር ጋር ሲታገል ውሏል። ልክ ወደ ቤቴ ልሂድ ሲል አቶ አምኃ ደወሉ። "ና፣ ኪቦርዱ ደግሞ ሞተ!" አሉት። ደግሞ! ይሄ ቢሮ ኪቦርድ ነው እንዴ የሚበላው?

የአቶ አምኃ የትራንዚት ቢሮ ካዛንቺስ እያለ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም። ሰፈሩ ሲፈርስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተከራዩ። የጽዳት ሠራተኛዋን ለተገብርኤልንም የቀጠሩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዶቹ በየተራ ይታመማሉ።

"ሽሻይዬ፣ በቃ ደከመኝ" አለች ጸሐፊዋ ሩቲ። "አንድ ፊደል ስነካ አስር ይጽፍልኛል። ማለቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሳጠፋ ነው የዋልኩት። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ዛሬም አልገባም።"

ሽሻይ ገመዱን ነቅሎ ሌላ ቦታ ሰካው። እምቢ አለ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አበራው። አሁንም እምቢ። ከቦርሳው የራሱን ኪቦርድ አውጥቶ ቢሞክር ሠራ። እንግዲህ ጥፋቱ የኪቦርዱ ነው። በተኖቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ከሥር እርጥበት አለ፤ እርጥበቱ ላይ አመድ የመሰለ ደለል ተጋግሯል።

"ውሃ ገብቶበታል" አለ።

"ያልኩት አልቀረም!" አቶ አምኃ ከወንበራቸው ተነሡ። "እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሻይ እንኳ አይጠጣም፣ ከልክያለሁ። ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ፣ ማታ ጠርጋ የምትዘጋው እሷ። በመሃል ማን አለ?"

ሽሻይ ከጀርባቸው ያለውን መደርደሪያ፣ የተቆለሉትን ፋይሎች፣ ጎደል ያለውን ሃይላንድ፣ የግድግዳውን ሰዓት በደከመ ዓይኑ እያየ ነበር። የታክሲው ሰልፍ ከወዲሁ ታየው።

ለተገብርኤል ተጠርታ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ገባች።

"ጠረጴዛውን በምንድነው የምትወለውዪው?" አሏት።

"በደረቅ ጨርቅ ነው ጋሼ። ኪቦርዱንማ በብሩሽ ብቻ ነው። እርጥቡ ጨርቅ የወለል ነው።"

"ታዲያ ይሄ አመዱ? ከወለል ካልመጣ ከሰማይ ወረደ?"

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሩቲም ጨመረችበት፦ "እኔም እኮ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬን አንዳንዴ ረጠብ ብሎ አገኘዋለሁ። ዝም ብዬ ነው እንጂ።"

"ኧረ ኡራኤል ምስክሬ ነው!" አለች ለተገብርኤል። ወደ ሽሻይ ዞረች። "ልጄ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። የእኔ ጨርቅ እንዳልሆነ ንገርልኝ። ልጆቼን የማሳድገው በዚህችው ሥራ ነው።"

ሽሻይ ምን ያውቃል? ውሃ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ውሃ እንደሆነ ከየት ያምጣው? "ወስጄ ልየው፣ ነገ እነግራችኋለሁ" ማለት ይችል ነበር። ግን ደክሞታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያማረው ቤቱ ገብቶ ጫማውን ማውለቅ ብቻ ነበር።

"የጨርቅ ውሃ ይመስላል" አለ አንገቱን ደፍቶ።

በዚሁ አበቃ። አቶ አምኃ ክፉ ሰው አይደሉም። ደመወዟን ሞልተው ሰጧት፣ "እግዜር ሌላ በር ይክፈትልሽ" ብለውም መረቋት። ለተገብርኤል ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ መጥረጊያዋን ጥግ አስደግፋ ወጣች። ሽሻይን ዞር ብላ አላየችውም።

በነጋታው አዲስ ኪቦርድ ይዞ በማለዳ መጣ። "ንገርልኝ" ያለችበት ድምፅ ከጆሮው አልወጣም ነበር። "ምን ላድርግ፣ ውሃ ውሃ ነው" እያለ ራሱን ሲያጽናና ነው መንገዱን የጨረሰው።

ቢሮው ውስጥ ያሉት አቶ አምኃ ብቻ ናቸው። ነጠላቸውን ገና ከትከሻቸው አላወረዱም።

"ጎሽ፣ ማለድክ" አሉት። "ሩቲ ሳትመጣ ሰካልኝ። ከእንግዲህስ ተገላገልን።"

ሰካው። ሞከረው። ሁሉም በተን አንድም ሳይቀር ሠራ።

"ተመስገን! በል እንግዲህ ቆይ፣ እኔም የጠዋቷን ነገር ላድርስ።"

ሃይላንዱን ከመደርደሪያው አወረዱ፣ ከሥሩ የረጋው የእምነት አመድ እንዲበጠበጥ ነቅነቅ አደረጉትና፣ "በስመ አብ" እያሉ ከሩቲ ጠረጴዛ ጀምረው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጸበሉን በእፍኛቸው ይረጩ ጀመር።