የፑሩስ ወንዝ ደም መጣጭ

ዶክተር ጃንዲራ ፓሼኮ ፕሮፌሰር ኦታሲሊዮ ብራንዳኦን የምትጠላው በከንቱ አልነበረም።

በብራዚል ማናውስ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ባለው የዓሣ ምርምር ቤት ዕድሜዋን የፈጀችው ትናንሽ አምባዛዎችን በመለየት ነው። ጣት የማያክሉ፣ ለሌላው ሰው ዓይን ሁሉም አንድ የሆኑ ዓሦች ናቸው። እሷ ጥርሳቸውን በአጉሊ መነጽር ትቆጥራለች፣ አጥንታቸውን ቀለም ታጠጣለች፣ ከዚያ ይህ ከዚያኛው ዘር አይደለም ብላ ትፈርዳለች። ብራንዳኦ ደግሞ የቤቱ ዳይሬክተር ነው። የቤቱ መጽሔት አዘጋጅም እሱው ነው። እሱን ሳያልፍ ከዚያ ቤት አንድ ወረቀት አይወጣም።

የመጀመሪያዋን አዲስ ዓሣ ያገኘች ጊዜ በእናቷ ስም ሰየመቻት። በሙያው ሕግ ታትሞ የወጣ ስም አይሻርም፤ የሰያሚውም ስም ከዓሣው ስም ኋላ ተለጥፎ ለዘላለም ይኖራል። መጽሔቱ ሲወጣ ከእናቷ ስም ኋላ የተለጠፈው "ብራንዳኦ" ሆኖ ተገኘ። ለጃንዲራ በመጨረሻው ገጽ፣ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር ምስጋና ቀርቦላታል። 

ሁለተኛዋንም ወሰደ። ሰውየው ከርዕሱ ወዲያ እንደማያነብ የታወቀው ያኔ ነው፤ ጃንዲራ ለራሷ የጻፈችው "ይህን ነገ አጣሪ" የሚል ማስታወሻ ሳይቀር ታትሞ ወጣ። ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ምን ይገደዋል! በአታሚው አላከከ።

ሦስተኛዋ ደም መጣጭ ናት። ከፑሩስ ወንዝ የመጣች፣ ውስጧ እንደ ብርጭቆ የሚታይ ቀጭን አምባዛ። ከትልልቅ ዓሦች ስንጥብ፣ ከመተንፈሻቸው ውስጥ ገብታ በመንጠቆዎቿ ትጣበቃለች፤ ደማቸውን ጠጥታ ሆዷ ሲነፋ ወርዳ ጭቃ ውስጥ ትተኛለች። የወንዙ ሰው የዚህችን ዘር ስም ሲሰማ እግሩን ከውኃ ያወጣል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ብራንዳኦ የተጠበሰ ዓሣውን እየጎረሰ ወሬ ጀመረ።

"የደቡቡን ሰውዬ ሰምታችኋል? ቀንድ አውጣ አገኘና በገዛ ራሱ ስም ሰየመው!" ሳቁ ጠረጴዛውን ነቀነቀው። "በኛ ሙያ ሌላው ሌላው ይቅር ይባላል። ስምን ለራስ መስጠት ግን? እስከ ልጅ ልጁ መሳቂያ ነው!"

ሁሉም ሳቀ። ጃንዲራ ከዓሣዋ እሾህ እየለቀመች መብላቷን ቀጠለች።

"ያቺ ደም መጣጭ የት ደረሰች፣ ልጄ?" አላት። ሃምሳ ዓመት የሞላትን ሴት ልጄ ይላል።

"አልደረሰችም።"

"ስትደርስ ለጸሐፊዬ ለዶና ዙሌይዴ ስጪያት። እኔ አያታለሁ።"

ጃንዲራ ብድግ ስትል ወንበሯ ወደ ኋላ ወደቀ።

"ይህቺ የኔ ናት! ሁለቱን ወስደዋል። የእናቴን ስም ወስደዋል። ይህቺን ቢነኩ ዋ!"

የምግብ ቤቱ ሰው ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ብራንዳኦ አፉን ጠረገ።

"በዚህ ቤት የኔ የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። ሁሉም የቤቱ ነው።"

"ቤቱ ማለት እርስዎ ነዎት?"

"አሁን ገባሽ።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ደም መጣጯ የጻፈችውን ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። ቆልፌበታለሁ፣ ማንም አያገኘውም እያለችም ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሰኞ ጠዋት መሳቢያው ተሰብሮ ጽሑፉ ዶና ዙሌይዴ ጠረጴዛ ላይ ተገኘ።

ዶና ዙሌይዴ ክፉ ሴት አይደለችም።

"ፕሮፌሰሩ ስሟን አውጥተሽ የኔን አስገቢ አለኝ" አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። "ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት ይሂድ ብሏል። ምን ላድርግ እህቴ? እንጀራዬ ነው።"

"የታዘዝሽውን አድርጊ።" ጃንዲራ ወደ በሩ ዞረች። "ከጸሐፊው ስም በቀር ግን አንዲት ፊደል እንዳትነኪብኝ።"

"በማን ስም ሰየምሻት? በአባትሽ ነው አይደል? ነፍሱን ይማርና፣ ያው ወንዝ አይደል የበላው።"

ጃንዲራ በሩን በኃይል ዘግታው ስትወጣ መስታወቱ ተሰነጠቀ።

መጽሔቱ የወጣ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ከዋና ከተማዋ ከብራዚሊያ ሹማምንት መጥተዋል፣ ከባሕር ማዶም የዓሣ ሊቃውንት መጥተዋል። የቤቱ ልማድ ስለሆነ፣ የአዲሱ ዓሣ ስምና የስሙ ምክንያት ለእንግዶች ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሁልጊዜ የምታነበው ዶና ዙሌይዴ ነበረች። ዘንድሮ ግን ብራንዳኦ ምሳ ላይ የተጮኸበትን አልረሳም፤ ቂሙን በሰው ፊት ሊወጣ ፈለገ።

"ዛሬ አንቺ አንብቢላቸው፣ ልጄ" አለ በፈገግታ። "ድምፅሽ ከፍ ያለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።"

ከፊት ወንበር ሳቅ ተሰማ። ጃንዲራ መድረኩ ላይ ወጣች። መጽሔቱን ስትቀበል ያዩ የሥራ ባልደረቦቿ አዘኑላት፤ አንዲቱማ ማየት አቅቷት ፊቷን አዞረች።

"'ከፑሩስ ወንዝ የተገኘች አዲስ ደም መጣጭ አምባዛ'" ብላ ርዕሱን አነበበች። "'ጸሐፊና ሰያሚ፦ ፕሮፌሰር ኦታሲሊዮ ብራንዳኦ።'"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ብራንዳኦ ተነሥቶ እጅ ነሣ፣ እንደ ቆመም ቀረ። ጃንዲራ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ገጹን ገለጠች፣ ያን ቀን ምግብ ቤት በጮኸችበት ድምፅም የታተመውን የስሙን ምክንያት አነበበች።

"'ይህችን ዓሣ ብራንዳኦ ብዬ በራሴ ስም ሰይሜያታለሁ፤ እኔም እንደ እሷ የወፈርሁት በሌላው ደም ነውና።'"